አርባው ካለፈ በኋላ



እንድናገር የተሰጠኝ ርዕስ ሰፊ ነው፤ ኑሮ ሲለወጥ በክርስትና እምነት መበርታት። ሞት፣ ጡረታ፣ ስደት፣ ከስደት መመለስ፣ ከሐኪም ቤት ይዘነው የምንወጣው ክፉ ውጤት፣ ሁሉም በዚህ ርዕስ ሥር ይገባል። ሁሉንም በአንድ ከሰዓት ልነካካው አልፈልግም። አብዝቼ ያሰብኩበትንና ልቤን የሚበላውን አንዱን ክፍል ይዤ መጥቻለሁ፤ አርባው ካለፈ በኋላ ያለውን ጊዜ።

ሐዘን ቤት ገብቶ የማያውቅ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የለም። ሰው ሲሞት የሚሆነውን እናውቃለን። እድሩ ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ድስቱን ይዞ ይደርሳል። ሴቶቹ ንፍሮ ይቀቅላሉ፤ ካህናቱ ፍትሐቱን ያደርሳሉ። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ይነቀላል። ከዚያም ቤተ ክርስቲያን ቀን ቆጥራ ታስባለች፤ ሰባተኛው፣ ዐሥራ ሁለተኛው፣ ሠላሳኛው፣ አርባኛው፣ ሰማንያኛው፣ መንፈቁ፣ ዓመቱ። ይህን ቆጠራ የወጪ ምክንያት ነው ብለው የሚነቅፉ አሉ። ድግሱ ከአቅም በላይ ሲሆን ነቀፋው ልክ ነው፤ ተበድሮ ተዝካር ማውጣት ሟችንም ቋሚንም አይጠቅምም። ቆጠራው ራሱ ግን ትልቅ ጥበብ አለበት። ባሏን የቀበረች ሴት የሚመጣውን ዓመት ማሰብ አትችልም። እስከ ሰባት ድረስ ማሰብ ግን ትችላለች። ሰባት ሲያልፍ ዐሥራ ሁለት አለ፤ ዐሥራ ሁለት ሲያልፍ ሠላሳ አለ። ቀኑ በደረሰ ቁጥር አንድ የሚሠራ ሥራ፣ አንድ የሚጠራ ካህን፣ አንድ የሚመጣ ሰው አለ።

አርባ ሲወጣ ግን ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል። ሰማንያው ሩቅ ነው፤ መንፈቁ የባሰ ሩቅ ነው። ዘመድ ከገጠር የመጣው ተሳፍሯል፤ ልጆቹ ሥራ ገብተዋል፤ ጎረቤት የራሱ ኑሮ ይዞታል። በአርባ አንደኛው ቀን ጠዋት በሩን የሚያንኳኳ የለም። ያን ዕለት ነው ሰው መበለት መሆኑን ወይም ወላጅ አልባ መሆኑን የሚያውቀው። እስከዚያ ድረስ ሐዘንተኛ ነበር፤ ሐዘንተኛነት ደግሞ ቦታ ያለው፣ ሕግ ያለው፣ አብሮ የሚቀመጥለት ያለው ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ ግን አዲስ ነው፤ ማንም አላስተማረውም።

በዚያ ጠዋት ብርታት ከወዴት ይመጣል? ብዙ ሰው ብርታትን እንደ ድንገተኛ ጎብኚ ይጠብቀዋል። ጸሎት ላይ ቆሞ ልቡ እስኪሞቅ ይጠብቃል፤ ልቡ ካልሞቀ እምነቴ ጠፍቷል ብሎ ይደነግጣል። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ሰው በክፉ ቀን የሚቆመው ቀድሞ በለመደው ሥርዓትና ቀድሞ በተሳሰረው ሰው ነው። እምነት ብርታቱን አስቀድሞ፣ በደኅናው ቀን፣ በእጃችን፣ በአፋችንና በጎረቤታችን ውስጥ ያስቀምጠዋል። የምለውን በአንድ ቤት ላሳያችሁ።

አንዲት የማውቃቸው እናት ነበሩ፤ ስማቸውን አልጠራም። ባለቤታቸው የቅዱስ ሚካኤል ጽዋ ማኅበርተኛ ነበሩ። ባልየው መስከረም ላይ ዐረፉ። አርባው ወጣ። እናትየው ከዚያ በኋላ መስኮት መክፈት ተዉ። ቡና ያፈሉና ረከቦቱን ሳያነሡ እዚያው ጋደም ይላሉ። ማኅበሩ በተራ የሚዞር ነውና የእነሱ ቤት ተራ ጥር ላይ ይውል ነበር። እናትየው፣ ባለቤቱ ስለሌለ ማኅበሩም በዚሁ ይብቃ ብለው መልእክት ላኩ።

በማግሥቱ ማኅበሩን የሚመሩት ሙሴ ራሳቸው መጡ። እኔም ለመጠየቅ ሄጄ እዚያው ተቀምጬ ነበር። ሰውየው ጋቢያቸውን ሰብስበው ዱካው ላይ ተቀመጡና «እትዬ፣ ጽዋው የጋሼ ብቻ አልነበረም፤ የቤቱ ነው። ለጥር ሚካኤል እንመጣለን» አሉ። «በምን እጄ? ማን ሊጠምቅ?» አሏቸው እናትየው። «ጊዜ አለን። ጌሾውን ባለቤቴ ታመጣለች፤ ብቅሉም አይጠፋም» አሉ። ቡናቸውን ጠጥተው ሄዱ። ስለ ትንሣኤ ሙታን አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ ትንሣኤን የማያምኑ ሆነው አይደለም።

ጠላ የጠመቀ ሁሉ ያውቃል፤ ቸኩለው አይደርሱበትም። ጌሾው ይወቀጣል፤ ጋኑ በግራዋ ታሽቶ ይታጠባል፤ በወይራ ይታጠናል፤ ይጠነሰሳል፤ ቀኑን ጠብቆ ይደፈደፋል። አንዱን ሥራ ካላደረሱት ሌላው ይበላሻል። እኒያ እናት ጋኑን ወደ ደጅ አውጥተው፣ ቀሚሳቸውን ሸብ አድርገው በግራዋ ሲያሹት አየኋቸው። ያለቅሱ ነበር፤ እጃቸው ግን አልቆመም። ከመስከረም ወዲህ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ሲመታቸው ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ጥር 12 ቃና ዘገሊላ ነው፤ ታቦተ ሚካኤል ከጥምቀተ ባሕር ወደ መንበሩ የሚመለስበት ዕለት። ማኅበርተኞቹ ታቦቱን አስገብተው፣ ነጠላቸውን እንዳደገደጉ፣ ከእግራቸው አቧራ ጋር ገቡ። ካህኑ ጸሎት አድርሰው ዳቦውን ባረኩ። ከዚያ ሙሴው የሟቹን ቦታ በእጃቸው አሳዩና «እትዬ፣ እዚህ ይቀመጡ» አሏቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማኅበርተኛዋ እሳቸው ሆኑ። ሐዘናቸው አልጠፋም፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ ሲያለቅሱ አይቻቸዋለሁ። ነገር ግን የሚቀመጡበት ቦታ፣ የሚጠብቃቸው ቀን፣ ቢቀሩ «ለምን ቀሩ?» የሚላቸው ሰው ነበራቸው።

ይህ ነገር የእኛ አገር ወግ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቅዱሱን መጽሐፍ ስገልጥ ይህንኑ አገኘዋለሁ፤ ከሁሉ ይልቅ በመጽሐፈ ሩት። አራት ምዕራፍ ብቻ ያላት ትንሽ መጽሐፍ ናት። ብዙ ጊዜ የምንሰብከው ስለ ሩት ታማኝነት ነው፤ ዛሬ ግን ስለ አማቷ ስለ ኑኃሚን ልናገር።

ኑኃሚን በዛሬ ቋንቋ ከስደት ተመላሽ ናት። በቤተልሔም ረሃብ ሆነ፤ ከባሏና ከሁለት ወንዶች ልጆቿ ጋር እንጀራ ፍለጋ ወደ ሞዓብ ወጣች። እዚያ ባሏ ሞተ። ልጆቿ የአገሩን ሴቶች አገቡ፤ ዐሥር ዓመት ያህል ከተቀመጡ በኋላ እነሱም ሞቱ። ሦስት መበለቶች በአንድ ቤት ቀሩ። ከዚያ በአገሯ እህል መገኘቱን ሰማችና ተመለሰች። ከተማዋ ስትገባ ሴቶቹ ተንጫጩ፤ እውነት ይህች ያቺ ናትን አሉ። ይህን ጥያቄ የሚያውቁት ያውቁታል። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተመልሰዋል። ብዙዎቹ በፌስታል የያዙትን ልብስ ብቻ ይዘው ከአውሮፕላን ወርደዋል። መንደራቸው ሲደርሱ የጠበቃቸው ዐይን የኑኃሚን ጎረቤቶች ዐይን ነው፤ ምን ይዛ መጣች የሚል፣ ምነው እንዲህ ጠቆረች የሚል።

ኑኃሚን ምን መለሰች? እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ አላለችም። ሞልቼ ወጣሁ፣ ባዶዬን ተመለስኩ፤ ያስመረረኝም እግዚአብሔር ነው አለች። በአደባባይ፣ በሴቶቹ ሁሉ ፊት። መጽሐፉን ደጋግሜ ሳነበው የሚገርመኝ፣ ማንም አይገሥጻትም። ነቢይ መጥቶ አፍሽን ዝጊ አላላትም። ሴቶቹ ስለ እምነት አላስተማሯትም። ምሬቷ ከነሙሉ ቃሉ በቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ ተጽፎ፣ ትውልድ ሁሉ እንዲሰማው ተቀመጠ።

እኛ ግን ለሐዘንተኛ ምን እንላለን? በተለይ እኛ አማኝ ነን የምንል። «አታልቅሺ፣ ይህማ እምነት ማጣት ነው» እንላለን። «እሱ የወደደውን ነው የሚወስደው» እንላለን፤ ልጇን ለቀበረች እናት! እግዚአብሔር ልጇን ስለወደደ ነጠቃት ብለን መንገራችን እኮ ነው። ይህን ንግግር እንድንተው አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ጌታ ራሱ በአልዓዛር መቃብር አጠገብ አልቅሷል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደሚያስነሣው እያወቀ አልቅሷል።

ማልቀስ እምነት ማጣት እንዳልሆነ ዳዊት የሚደግም ሰው ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል። አባቶቻችን መቶ ኀምሳውን መዝሙር ለሳምንቱ ቀናት አካፍለውታል፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150። እሑድ የነቢያቱ ጸሎት ነው። በሐሙሱ ክፍል ውስጥ 87ኛው መዝሙር አለ። ከመዝሙራት ሁሉ የጨለመው እሱ ነው። አብዛኞቹ የልቅሶ መዝሙራት ጀምረው ሲያለቅሱ መጨረሻቸው ላይ ወደ ምስጋና ይመለሳሉ፤ 87ኛው ግን አይመለስም። ወዳጅና ዘመድ እንደ ራቀ፣ በጨለማ ውስጥ ያልቃል። እንግዲህ አስቡት፤ በዚህ ሥርዓት የሚጸልይ ሰው ሐሙስ በመጣ ቁጥር፣ ልጁን ድሮ በማግሥቱም ቢሆን፣ ሹመት ባገኘበት ሳምንትም ቢሆን፣ ተስፋ የቆረጠ ሰው የጸለየውን ጸሎት በአፉ ይለዋል። የራሱ ክፉ ቀን ሲመጣ ቃሉ አዲስ አይሆንበትም። ደግሞም በዚያ ሳምንት በሌላ ቤት የሚያለቅስ ሰው አለ፤ መዝሙሩን የሚደግሙ ሁሉ ሐሙስ ዕለት አብረውት ያለቅሳሉ ማለት ነው።

ወደ ኑኃሚን ልመለስ፤ ምሬቷን ከተናገረች በኋላ ምን እንደ ደገፋት ማየት ያስፈልጋል። ራእይ አላየችም፤ መልአክ አልመጣላትም። የደረሱት የገብስ መከር ሲጀመር ነበር። ሩት ወደ እርሻ ወጥታ ከአጫጆች ኋላ ቃርሚያ ለቀመች። ይህን ማድረግ የቻለችው በሙሴ ሕግ ውስጥ፣ አጫጁ የእርሻውን ዳርቻ ጨርሶ እንዳያጭድ፣ የወደቀውንም ተመልሶ እንዳይለቅም፣ ለድሃና ለመጻተኛ፣ ለመበለትና ለወላጅ አልባ እንዲተው ስለ ታዘዘ ነው። ሕጉ የተሰጠው እነሱ ከመወለዳቸው በፊት ነው። ስማቸውን የማያውቅ ሰው ለእነሱ ቀን እህል አስቀምጦላቸው ነበር። ሩት በመጀመሪያው ቀን ማታ ሃያ ሊትር ያህል ገብስ ወቅታ ተመለሰች። ኑኃሚን ያንን እህል ስታይ ነው የት እንደ ቃረመች ጠይቃ ባለርስቱን በእግዚአብሔር ስም የባረከችው። ምስጋናዋ የመጣው ከገብሱ በኋላ ነው፤ ይህን ቅደም ተከተል ልብ በሉልኝ። ሐዘንተኛ መጽናናቱን አስቀድሞ እንዲያሳየን አንጠይቀው፤ እኛ ገብሱን እናስቀድም።

በመጨረሻው ምዕራፍ ሩትና ቦዔዝ የወለዱትን ሕፃን በኑኃሚን ዕቅፍ እናየዋለን። ስሙን ያወጡለት እነዚያው የጎረቤት ሴቶች ናቸው፤ ኢዮቤድ አሉት። ኢዮቤድ እሴይን ወለደ፤ እሴይም ዳዊትን። ሐሙስ ዕለት የምንደግመው መዝሙር በስሙ የሚጠራው ዳዊት የዚያ ሐዘን ቤት የልጅ ልጅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ አለ። ማኅበሩም፣ ካህኑም፣ ጎረቤቱም የሌለበት ለውጥስ? በዚህ አገር እንዲህ ያለ ሐዘን የኖሩ ብዙ ናቸው። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። ከአገር እንዲወጡ ዕድል ቀርቦላቸው መንጋዬን ትቼ አልሄድም ብለው የቀሩ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ከዚያ በኋላ ታሰሩ፤ ተገረፉ፤ ያለ ፍርድ ዐሥር ዓመት ያህል በእስር ኖሩ። የባላቸው አስከሬን የተገኘው የደርግ ሥርዓት ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። በዚያው በ1971 የተገደሉት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የአቡነ ቴዎፍሎስም ዐፅም እንዲሁ ከዓመታት በኋላ ነው የተገኘው። ሁለት አብያተ ክርስቲያናት፣ አንድ ዘመን፣ አንድ ዓይነት ሐዘን። ሳይቀበሩ፣ ሳይለቀስላቸው፣ ቀን ሳይቆጠርላቸው የቀሩ ሰዎች ቤተሰብ ለዐሥራ ሦስት ዓመት የት ሄዶ ያልቅስ?

እዚያ የሚቀረው በአፍ የተያዘው ነው፤ በእስር ቤት መጽሐፍ ይወሰዳል። በቃል የተያዘ ጸሎት ግን አይወሰድም። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶቻችን ውዳሴ ማርያምን ከሰኞ እስከ እሑድ በቃላቸው የሚወጡት በልጅነት ሰምተውት አድገው ነው። ዛሬ በሪያድ የሰው ቤት የምትሠራ ልጃችን ስልኳ ተወስዶባት፣ በር ተቆልፎባት ሊሆን ይችላል። በዚያ አገር የምትሄድበት ቤተ ክርስቲያን የለም። ሳህን እያጠበች በልቧ የምትለው አቡነ ዘበሰማያት፣ ወይም በሰንበት ትምህርት ቤት የተማረችው መዝሙር፣ ያኔ ቤተ ክርስቲያኗ እሱ ይሆናል። ስለዚህ ልጆቻችሁን ጸሎት በቃላቸው አስጠኗቸው። በስልክ ላይ አለ አትበሉ። እኛ የማናያቸው፣ ልንደርስላቸውም የማንችልባቸው ቀናት ይመጡባቸዋል።

ስለ ሕመም ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የምርመራ ወረቀት ኑሮን በአንድ ደቂቃ ይለውጣል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በስፋት መሰጠት ሲጀምር ፀበል የገቡ ብዙ ሕሙማን መድኃኒቱን መውሰድ የእምነት ማነስ ነው ተብለው አቋርጠው ነበር። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በአደባባይ ወጥተው ፀበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው አሉ። ያ ቃል የስንቱን ነፍስ አትርፏል! ዛሬ ደግሞ ያው ፈተና በመንፈስ ጭንቀት ላይ ተመልሶ መጥቷል። ከሐዘን በኋላ እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ የተወ፣ መኖር ያስጠላው ሰው ስታዩ ጸልዩለት፤ እጁንም ይዛችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ጸሎታችሁ በዚህ አይቀንስም።

ለጡረተኞቻችን አንዲት ነገር ብቻ ልበል። በስድሳ ዓመት መታወቂያና ቁልፍ መመለስ ያማል፤ ሰው በማዕረጉ ሲጠራ ኖሮ ድንገት ስሙ ብቻ ሲቀር ይደነግጣል። አብርሃም ከካራን ሲወጣ ሰባ አምስት ዓመቱ ነበር፤ ሙሴ ፈርዖን ፊት ሲቆም ሰማንያ። ደብራችን ሒሳብ የሚመረምር፣ ሕፃናት የሚያስጠና፣ የታመመ የሚጠይቅ ሰው አጥታለች። ኑ።

ይህን ያህል ከተናገርኩ፣ የመጣሁበትን ጉዳይ ላቅርብ። እድራችን እስከ ሦስተኛው ቀን ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ላለው ጊዜ ግን በዚህ ደብር ያዘጋጀነው ነገር የለም። በሩ አጠገብ ጠረጴዛ አለ፤ በላዩ ደብተር ተቀምጧል። በግራው ገጽ አርባ የወጣባቸውን ቤቶች፣ ከዓረብ አገር የተመለሱትን ልጆች፣ ብቻቸውን የቀሩትን ጡረተኞች ስምና ሰፈር ጻፉልን። ራሳችሁንም መጻፍ ትችላላችሁ፤ አንዳች የሚያሳፍር ነገር የለበትም። በቀኙ ገጽ ደግሞ ሁለት ሁለት ሆናችሁ በየዐሥራ አምስት ቀኑ አንድ ቤት ለመሄድ ፈቃደኛ የሆናችሁ ተመዝገቡ። የምትሄዱት ለስብከት አይደለም። ቡና ይዛችሁ ሂዱ፤ ሴትዮዋ ማውራት ከፈለገች ስሟት፤ ዝም ካለችም አብራችሁ ተቀመጡ፤ የተበላሸ ቧንቧ ካለ አስጠግኑ፤ የማኅበር ተራዋ ከደረሰ ጌሾውን አብራችሁ ውቀጡ። በእድሜ ለገፉት ቤቱ ቅርብ እንዲሆን እናደርጋለን።

የመጀመሪያዎቹን ቤቶች የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እዚሁ አዳራሽ እንከፋፈላለን።